የጥርስ ሐኪምን መፍራትና መድኃኒቱ

በሌላው ጉዳይ ሁሉ ደፋርና ቻይ ሆኖ ሳለ፥ የጥርስ ሐኪም ስም በተነሣ ጊዜ ፊቱ የሚለወጥ ሰው ከየቤቱ አይጠፋም። ሌሊት ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ይይዛል፤ በአረቄ ይጕመጠመጣል። ሲነጋ ሕመሙ ጋብ ያለለት እንደ ሆነ «ተሽሎኛል» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቅርንፉድ በእውነት ያደነዝዛል፤ ዩጀኖል የሚባል ዘይት በውስጡ ስላለ የጥርስ ሐኪሞችም ይህን ዘይት ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር እየለወሱ ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ የተቦረቦረውን ጥርስ አይጠግንም። እንዲህ ባለው ሰው መሣቅ የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ ወር ዐምዳችን ስለ እርሱ በቁም ነገር ለመነጋገር አስበናል፤ ፍርሃቱን የሚያቃልሉ መንገዶች አሉና፥ ብዙ ቤተ ሰቦችም አያውቋቸውምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርስ መበስበስ ሲጀምር በመጀመሪያ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ሐኪም ቢያየው ጠርጎ በመሙላት ይጨርሰዋል፤ ሕመሙም ከቍጥር የሚገባ አይደለም። የፈራው ሰው ግን በዚህ ጊዜ አይሄድም። ቀዳዳው እየጠለቀ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ወደ ጥርሱ መካከል ይደርሳል፤ ከዚያም በሥሩ ዙሪያ መግል ይቋጥራል። በመጨረሻ ሥቃዩ ከፍርሃቱ ሲበልጥበት ይሄዳል። ሐኪሙም የማደንዘዣውን መርፌ ይወጋዋል፤ ነገር ግን መግል በቋጠረ ሥጋ ውስጥ አሲድ ስለሚበዛ ማደንዘዣው እንደ ልማዱ አይሠራም። በደኅናው ጊዜ ቢመጣ ኖሮ እምብዛም የማይሰማው ሰው፥ ዘግይቶ በመምጣቱ የፈራውን ሥቃይ በእውነት ያገኘዋል። «ድሮስ አላልሁም?» እያለ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ለልጆቹም ይህንኑ ያወራል፤ የሚቀጥለውንም ጥርስ ከፊተኛው ይልቅ ያዘገያል።

ከዚህም የከፋ አለ። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሥር የተነሣ መግል ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ፥ ምላስን ወደ ላይ አንሥቶ፥ የትንፋሽን መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከአገጩ በታች ያበጠ፥ አፉን መክፈትና ምራቁን መዋጥ የተሳነው፥ ትኵሳትም ያለበት ሰው ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም፤ በዚያው ቀን፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ብዙ ሰው ጥርሱን ለሐኪም ያሳያል እንጂ ፍርሃቱን አይናገርም፤ ይልቁንም ጎልማሶች ወንዶች ያፍራሉ። ይህ ትልቁ ጉዳት ነው። ቀጠሮ ሲያዝ፥ ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ፥ «ዶክተር፥ እኔ እጅግ እፈራለሁ፤ የምፈራውም መርፌውን ነው» ወይም «የመሰርሰሪያውን ድምፅ ነው» ወይም «ትንፋሽ የሚያጥረኝ ይመስለኛል» ብሎ ለይቶ መናገር ይገባል። ይህ የተነገረው ሐኪም ብዙ ነገር ሊያደርግ ይችላል። መርፌው ከመግባቱ በፊት ድዱን በሚቀባ ማደንዘዣ ያፈዘዋል፤ መድኃኒቱንም በዝግታ ይሰጣል፤ ፈጥኖ የተሰጠ መርፌ ይበልጥ ያማልና። እስኪደነዝዝም ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ደግሞም ሕመምተኛው ግራ እጁን ባነሣ ጊዜ ሐኪሙ ሥራውን ወዲያው እንዲያቆም ሁለቱ አስቀድመው ይስማማሉ። ይህ የእጅ ምልክት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከፍርሃቱ ብዙው ክፍል የሚመጣው «ቢያመኝ እንኳ ማስቆም አልችልም» ከሚል አሳብ ስለ ሆነ፥ ምልክቱ እንዳለው ማወቁ ብቻ የሚበቃው ሰው አለ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፍርሃቱ የማይበርድለትም አለ። ለእርሱ የሚያረጋጉ መድኃኒቶች ይገኛሉ። ስለ እነርሱ ከመናገራችን በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ማደንዘዣ የሚባለው፥ ለምሳሌ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) በሥራ ላይ ያለው ሊዶኬይን፥ በተሰጠበት ስፍራ ያለውን ሕመም ያጠፋል፤ ፍርሃትን ግን አያስወግድም። ማረጋጊያ የሚባለው ደግሞ አእምሮን ያሳርፋል እንጂ ጥርሱን አያደነዝዝም። ስለዚህ ማረጋጊያ የተሰጠውም ሰው የድድ መርፌ አይቀርለትም፤ ልዩነቱ መርፌው ሲመጣ እንደ ቀድሞው አለመሸበሩ ነው። ማረጋጊያ ሲባልም የግድ መተኛት ማለት አይደለም፤ ሕመምተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ቢቀመጥም ሲጠሩት ይሰማል፤ አፍህን ክፈት ሲሉት ይከፍታል።

ከማረጋጊያዎቹ ሁሉ ቀላሉና ዕድሜ ጠገቡ በአፍንጫ የሚሳብ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ በተለምዶ «የሚያስቅ ጋዝ» ይሉታል። ለሕክምና የበቃውም በጥርስ ሐኪም በኩል ነው። በዲሴምበር 10 ቀን 1844 ዓ.ም. በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ ይህ ጋዝ ለሕዝብ መዝናኛ በታየ ጊዜ፥ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከተመልካቾቹ መካከል ነበረ። ጋዙን ከሳቡት አንዱ እግሩ ተጋጭቶ ሲደማ ሕመሙ እንዳልተሰማው ዌልስ አስተዋለ። በማግሥቱ ጋዙን ራሱ ስቦ፥ ጆን ሪግስ በተባለው የሙያ ባልደረባው እጅ የገዛ መንጋጋውን አስነቀለ፤ ሕመምም አልተሰማውም። በሌላው ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የራሱን ጥርስ መስጠቱ እኛን እጅግ ይደንቀናል። በሚቀጥለው ወር በቦስተን ከተማ በሐኪምነት ተማሪዎች ፊት ሊያሳይ ሲሞክር ግን ታካሚው ስለ ጮኸ ተሣቀበት፤ ልቡም ተሰብሮ በ1848 ዓ.ም. በመከራ ሞተ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሥራውን አውቆ ክብር የሰጠው በ1864 ዓ.ም.፥ ከሞተ ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ጋዙ የሚሰጠው ከኦክሲጅን ጋር ተቀላቅሎ ነው። በአፍንጫ ላይ ትንሽ ጭንብል ይደረጋል፤ በመጀመሪያ ንጹሕ ኦክሲጅን፥ ቀጥሎም ጋዙ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። ለዚሁ ሥራ የተሠራው መሣሪያ ኦክሲጅኑ ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ ያግዳል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የእጅና የእግር ጣት ይነዝራል፤ ሰውነትም ሙቀትና ቅለት ይሰማዋል። ሥራው ሲያልቅ እንደ ገና ንጹሕ ኦክሲጅን 5 ደቂቃ ያህል ይሳባል፤ ጋዙ ቶሎ ከሳንባ ስለሚወጣም አብዛኛው ዐዋቂ ሰው ጥቂት ዐርፎ ብቻውን ወደ ቤቱ ለመሄድ ይችላል። ጕንፋን ይዞት አፍንጫው የታፈነ ሰው ግን አይጠቀምበትም፤ ፅንሷ ሦስት ወር ያልሞላትም ሴት ብትቆይ ይሻላል። ሌላም ለአንባቢዎቻችን ልዩ ሆኖ የሚታየን ነገር አለ። ይህ ጋዝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ 12 ሥራ ያስፈታዋል። ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከወተትና ከእንቍላል ስለ ሆነ፥ ለረጅም ዘመን ጥሉላት ያልቀመሰ ሰው ጕድለቱ ሊኖርበት ይችላል። ለጤነኛ ሰው የአንድ ጊዜ አጭር ሕክምና የሚያሰጋ አይደለም፤ መነኮሳትና በጾም የጸኑ አረጋውያን ግን ልማዳቸውን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሁለተኛው መንገድ የሚዋጥ ክኒን ነው። ዳያዜፓምና ተማዜፓም የመሳሰሉት ሐኪም ባዘዘው መጠን በቀጠሮው ዋዜማ ማታ ወይም ከሥራው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድመው ይዋጣሉ። ጭንቀት ይቀንሳሉ፤ የተደረገውንም ነገር ከሕክምናው በኋላ ደኅና አድርጎ የማያስታውስ ብዙ ነው፤ ይህም ለሚፈራ ሰው ደግ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተዋጠ ክኒን አይመለስም፤ ለአንዱ የሚያንሰው ለሌላው ይበዛል፤ በተለይም በሽማግሌ ላይ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብለን የምንናገረው አለ። ከዘመድ ሕመም የተረፈ የእንቅልፍ ክኒን በቁም ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ቤት ብዙ ነው፤ «እኔ ወስጄው ደኅና አሳርፎኛል» ተብሎም ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጠዋል። ሌላውም ልቡን ለማደፋፈር ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቶ ይሄዳል። ክኒኑና አረቄው የተገናኙ እንደ ሆነ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ኮዴይንና ትራማዶል የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ከዚህ ክኒን ጋር ሲወሰዱ አደጋቸው እንዲሁ ነው። ሐኪሙም የተወሰደውን ካላወቀ በላዩ ሌላ ይጨምርበታል። በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፥ የሳንባ ወይም የጕበት ሕመም ያለበት፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሁኔታቸውን ሳይናገሩ ማንኛውንም ማረጋጊያ መውሰድ የለባቸውም።

ሦስተኛው በደም ሥር የሚሰጥ ነው። ከክኒን የሚሻለው፥ ሐኪሙ ሕመምተኛውን እያየ ጥቂት በጥቂት ሰጥቶ በበቃው ልክ ለማቆም ስለሚችል ነው። በብዛት የሚሰጠው ሚዳዞላም ሲሆን፥ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ኀይሉን የሚሰብር ፍሉማዜኒል የሚባል መድኃኒት አለ። ይሁንና ይህ ሕክምና ለሥራው የሠለጠነ ሐኪም፥ በጣት ላይ የሚሰካ የኦክሲጅን መለኪያ፥ ለትንፋሽ መርጃ የሚሆን መሣሪያ ይፈልጋል። ሐኪሙ ዐይኑ በጥርሱ ላይ ሳለ ትንፋሹን የሚጠብቅ ሁለተኛ የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት።

ሙሉ ሰመመን ግን ከማረጋጊያ የተለየ ነው፤ ሰውየው ፈጽሞ ይተኛል፥ ቢጠሩትም አይሰማም። በብሪታንያ ይህ ለብዙ ዘመን በተራ የጥርስ ክሊኒክ ይሰጥ ነበር። ሰዎች፥ ሕፃናትም ጭምር፥ በወንበሩ ላይ ስለ ሞቱ ነገሩ ተመርምሮ ከ2001 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ ከሆስፒታል ውጭ እንዳይሰጥ ተደረገ። ይህን የምንጠቅሰው የፈራውን ሰው ጨምረን ልናስፈራ አይደለም። በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር ያሉ አንባቢዎቻችን «አስተኝታችሁ ንቀሉልኝ» በሚሉበት ጊዜ፥ «የሚያስተኛኝ ማን ነው? ትንፋሼን የሚጠብቅ ማን ነው? ቢደክም የሚረዱበት መሣሪያ አላችሁ?» ብለው መጠየቅ እንደሚገባቸው እንዲያውቁ ነው። በአገራችን የድድ መርፌው የተለመደ ሲሆን ሌሎቹ በየክሊኒኩ አይገኙም፤ ስለዚህ በትልቅ ከተማም ቢሆን ከቀጠሮው በፊት መጠየቅ ያሻል።

ስለ ሕፃናት የሚባለው ለወላጆች ነው። «ዝም ካላልህ ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል!» ሲባል ያልሰማ ልጅ ጥቂት ነው። ሐኪሙን በቤት ውስጥ የቅጣት መሣሪያ አድርገን ካኖርነው በኋላ፥ ጥርሱ በታመመ ቀን ያንኑ ልጅ በእጁ ይዘን ወደዚያው ሰው እንወስደዋለን፤ በመንገድም «አይዞህ፥ ምንም አያምም» ብለን እናታልለዋለን። ልጁ መርፌው የነካው ጊዜ እናቱም ሐኪሙም በአንድነት ውሸተኞች ይሆኑበታል። ለሕፃናት የሚሠሩ የጥርስ ሐኪሞች ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ አንድ ሥርዐት አላቸው፤ አስቀድሞ በልጁ ቋንቋ መንገር፥ ቀጥሎ መሣሪያውን ማሳየት፥ በመጨረሻም ልክ እንደ ተነገረው ማድረግ ነው። ወላጅም በቤቱ ይህንኑ ቢከተል መልካም ነው። «ጥቂት ትቈነጠጣለህ፤ ከዚያ ይደነዝዛል» ማለት እውነት ነው፤ ልጅም ይችለዋል። የመጀመሪያውም ጕብኝት ጥርስ ሳይታመም፥ የመጀመሪያው ጥርስ ሲበቅል ወይም ገና ዓመት ሲሞላው ቢሆን፥ ልጁ ወንበሩን የሚያውቀው በሕመም ቀን አይሆንም።

የጾምም ነገር መነሣቱ አይቀርም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው በባዶ ሆዱና በፍርሃቱ ላይ መርፌ ሲጨመርበት ዐይኑ ጨልሞ ሊወድቅ ይችላል፤ የስኳር ሕመምተኛም ይልቁን ያሰጋል። ስለዚህ ለድድ መርፌ ብቻ ለሚሄድ ሰው ቀጠሮው ከምግብ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ለሙሉ ሰመመን ግን ሐኪሞች ሆድ ባዶ እንዲሆን ያዛሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከምግብ 6 ሰዓት፥ ከውሃ 2 ሰዓት መቈጠብ ነው። ለማረጋጊያዎቹ ትእዛዙ እንደ ዐይነታቸው ስለሚለያይ ሐኪሙን መስማት ይገባል። የታመመውን ጥርስ «ፋሲካ ይለፍ» እያሉ ማቆየት ግን አይገባም፤ መድኃኒት መዋጡና ምግብ መቅመሱ የሚያሳስበው ሰው የነፍስ አባቱን ቢያማክር መንገዱን ያሳዩታል።

ክኒን ወይም የደም ሥር ማረጋጊያ የሚወስድ ሰው ብቻውን አይሂድ። አብሮት የሚሄደው ዐዋቂ ሰው ይሁን፤ ታዳጊ ልጅ አይበቃም፤ ቤትም ከደረሱ በኋላ አብሮት ይዋል፥ ይደር። ሕመምተኛው ደኅና የሆነ ቢመስለውም ለ24 ሰዓት ያህል መኪና አይንዳ፤ ከእሳትና ከስለት ሥራ ይራቅ፤ ሕፃን ብቻውን አይጠብቅ፤ ውልም አይፈርም። የድድ መርፌ ብቻ የወሰደውም ቢሆን ከንፈሩና ጕንጩ እስኪነቃ ድረስ ቢያቃጥለው ወይም ቢነክሰው አይሰማውምና፥ ቤት ሲደርስ ቡና ተፈልቶ ቢጠብቀው እንኳ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆየው።