አባት ማነው?

በ1921 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣውን የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘ ኪድ» ብዙ ሰው የሚያውቀው በሳቁ ነው። እኛ ግን ከሳቁ ሥር ያለውን ጥያቄ እናነሣለን፤ አባት የወለደ ነው ወይስ ያሳደገ?

በፊልሙ አንድ ድኻ ከርታታ ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን፣ የቡና ማንቆርቆሪያ ጡጦ አድርጎ ያሳድገዋል። ልጁ ከፍ ሲል የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊው መስታወት ተሸክሞ ደርሶ ይጠግናል። ማታለሉን አናመሰግንም። ነገር ግን የማሳደጊያ ቤት ሹማምንት ልጁን በመኪና ጭነው ሲወስዱት፣ በጣራ ላይ ሮጦ ያስጣለው ይኸው ከርታታ ነው።

ከፊልሙ ውጭ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ጃኪ ኩጋን በሕፃንነቱ ያገኘው ሀብት በእናቱና በእንጀራ አባቱ እጅ ባከነ። በ1938 ከሰሳቸው፤ በ1939 የካሊፎርኒያ ግዛት የሕፃናት ተዋንያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በፊልሙ ባዳው አበላው፤ በኑሮው የወለደችው በላችበት።

እንግዲህ ሕግ «ማን ወለደው?» ብሎ ብቻ አይብቃው። ማን እንዳበላው፣ ማንስ እንደበላበት ይጠይቅ እንላለን።