ማሳሰቢያ፦ የመራጭነት ካርዳችሁ ከእጃችሁ አይውጣ

ለዱስና ለአካባቢዋ የካሮ መንደሮች፣ እንዲሁም ለመላው የደቡብ ኦሞ ነዋሪዎች

ለምርጫ የሚመዘገበው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ባል የሚስቱን መታወቂያ ይዞ «እሷ ወንዝ ዳር እርሻ ላይ ናት» ብሎ ካርዷን ሊወስድላት አይችልም። የቀበሌ አመራርም ቢሆን ስም ዝርዝር አቅርቦ ሰው ማስመዝገብ አይፈቀድለትም።

ሕግ ሲጣስ የሚከተለውን አይተናል፦ ጥር 29 ቀን 2015 ደቡብ ኦሞን ጨምሮ በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነበር። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በወላይታ ዞን ከባድ ጥሰት ተፈጽሟል ብሎ የዞኑን ውጤት ሰረዘ፤ ሕዝቡም ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ድምፅ ሰጠ። ያጠፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ዳግመኛ የተሰለፈው ግን መላው ዞን ነው።

ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላትና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። እዚያው የምርጫ ክልል ውስጥ ከብት ተከትሎ መዘዋወር ነዋሪነትን አያሳጣም። ፋይዳ የተባለውን ብሔራዊ መታወቂያ ያወጣችሁም ብትሆኑ መታወቂያው ብቻውን መራጭ አያደርጋችሁምና ተመዝገቡ።

በኛ አካባቢ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የምስክርነቱ ጉዳይ ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው በሚያውቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል። ይህ አሠራር የልደት ወረቀት ላልነበረው ወገናችን ትልቅ መብት ነው። ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ቁመቱ ስለረዘመ ብቻ ልጁን «18 ሞልቶታል» አትበሉ፤ ከሌላ ቦታ የመጣውን እንግዳም በይሉኝታ «የኛ ሰው ነው» አትበሉ። ሐሰት መመስከር በሕግ ያስጠይቃል። ከዚያም በላይ፣ አንዴ የሽማግሌ ቃል ከተጠረጠረ ነገ በእውነት መታወቂያ የሌላት እናት የሚያምናት ታጣለች።

መዝጋቢው ፊት ስትቀርቡ አትቸኩሉ። መዝገቡ የሚሞላው በአማርኛ ነው፤ በሰፈር የምትጠሩበት ስም ደግሞ ወረቀት ላይ ተዛብቶ ሊሰፍር ይችላል። አማርኛ የማይሰማ ሰው የሚያምነውን አስተርጓሚ ይዞ ይምጣ። ጣታችሁን ቀለም ከማስነካታችሁ በፊት ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስምና ዕድሜያችሁን መዝጋቢው ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። በመዝገቡና በካርዱ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት።

ካርዱን ከተቀበላችሁ በኋላ «እኛ ዘንድ ይቀመጥ» የሚል ቢመጣ፣ ሹምም ይሁን የፓርቲ ሰው፣ አትስጡት። የእርዳታ እህል የሚታደለው በዚህ ካርድ ነው የሚላችሁም ይዋሻል። ሁለት ቦታ መመዝገብ፣ ካርድ መሸጥና ማዋስ ወንጀል ነው።

ምዝገባው ሲያበቃ መዝገቡ ለሕዝብ እይታ ይቀርባል። ሄዳችሁ እዩት፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ። የሞተ ሰው ስም ወይም በመንደሩ ማንም የማያውቀው ስም ካገኛችሁ፣ ጊዜው ሳያልፍ እዚያው ጣቢያ ላለው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አመልክቱ።