ዋሱም ባለዕዳውም አንድ ካዝና ሲሆን

«መንግሥት ለመኖሪያ ቤት ብድር ዋስ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ሰሚ አጥቶ አያውቅም። ደመወዝተኛው በቤት ኪራይ ተማርሯል፤ ባንኮችም ለባለሀብት እንጂ ለመምህርና ለነርስ በራቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ መንግሥት በመካከል ገብቶ «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ አለሁ» ቢል ባንኩ ይደፍራል፣ ሠራተኛውም ከኪራይ ይገላገላል ይባላል። ሐሳቡ ከቅን ልቡና የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ቅን ልቡና ዕዳ አይከፍልም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት አንድ ነው፤ ይኸውም እንደ ጂንካ ባለች ከተማ ዋሱና ባለዕዳው የሚኖሩት ከአንድ ካዝና ስለሆነ፣ የመንግሥት ዋስትና ስሙ እንጂ ግብሩ ዋስትና አይደለም።

ጂንካን ለአብነት መውሰዴ ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጂንካ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። ሠራተኛው ሲበዛ ቤት ፈላጊውም ይበዛል። እንግዲህ በዚህች ከተማ የባንክን መስፈርት አሟልቶ ሃያ ዓመት የሚዘልቅ የብድር ውል ሊፈርም የሚችለው ማነው? የሐመሩ ከብት አርቢ አይደለም፤ ሀብቱ በበረት እንጂ በደመወዝ መዝገብ ላይ የለም። በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ ማርና ቅቤ የሚሸጠውም አይደለም። አስጎብኚውና የሆቴል ሠራተኛውም አይሆኑም፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ኮሮናና ጦርነት ተከታትለው ቱሪስቱን ሲያስቀሩት የእነርሱ ገቢ ምን ያህል የሚታመን እንደሆነ ታይቷል። የሚቀረው የመንግሥት ሠራተኛው ብቻ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ከየት ይመጣል? ከወረዳው፣ ከዞኑና ከክልሉ በጀት። የዚህ በጀት አብዛኛው ክፍል ከየት ይመጣል? ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ። ለብድሩ ዋስ ሁን የሚባለው ማነው? ይኸው ክልል። ክልሉ ለባንኩ የሚያስይዘውስ ምኑን ነው? ያንኑ ድጎማ። እንግዲህ ሰንሰለቱን ተከተሉት። በጀት ሲጎድል ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ ሲዘገይ የብድሩ ክፍያ ይቋረጣል፤ ክፍያው ሲቋረጥ ባንኩ ዋሱን ይጠይቃል፤ ዋሱ ሲከፍል በጀቱ ይበልጥ ይጎድላል። የደህና ዋስ ትርጉሙ ባለዕዳው ባጣ ቀን እርሱ ያለው መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን የሚያጡ ከሆነ የተጨመረው ፊርማ ብቻ ነው።

ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ስጋት አይደለም፤ በአካባቢያችን የታየ ነው። ከ1980ዎቹ ዓመታት አንሥቶ ክልሎች ለገበሬው የማዳበሪያ ብድር ለባንክ ዋስ ሲሆኑ ኖረዋል፤ ገበሬው ያልከፈለው ከክልሉ የፌዴራል ድጎማ ላይ ይቆረጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በሚገኙ ዞኖች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ለወራት ደመወዝ ሳይከፈላቸው ሲቀር፣ ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የማዳበሪያ ዕዳ ነበር። ልብ በሉ፤ ተበዳሪው ገበሬ፣ ፈራሚው ባለሥልጣን፣ ከፋዩ ደግሞ መምህር ሆነ። ያም ሆኖ በማዳበሪያው ጊዜ ገበሬው ከመንግሥት በጀት ውጭ የራሱ ምርት ነበረው። በቤቱ ብድር ግን ተበዳሪው ራሱ ያው መምህር ነው። ደመወዙ ሲዘገይ ኑሮው ብቻ ሳይሆን ቤቱም አደጋ ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

«ክልሉ ባይችል የፌዴራሉ መንግሥት ይችላል» የሚል አይጠፋም። ለዚህም መልሱ ከደቡብ ኦሞ ሩቅ አይደለም። በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአርብቶ አደሮች ቀን በጂንካ ተገኝተው በኦሞ ሸለቆ በ150 ሺህ ሄክታር መሬት ላይ የሸንኮራ ልማት እንደሚካሄድ አበሰሩ። የኦሞ ኩራዝ ፋብሪካዎች በአገር ውስጥና በውጭ ብድር ተጀመሩ። ግንባታው ተጓተተ፤ ዕቅዱ ተከለሰ፤ ወለዱ ግን አልተጓተተም። በ2013 ዓ.ም. የስኳር ኮርፖሬሽን ዕዳ ከሌሎች የመንግሥት ድርጅቶች ዕዳ ጋር ለዚሁ ወደ ተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተዛወረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ከዚህ ሸክም ለማላቀቅና ካፒታሉን ለማጠናከር ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ አጸደቀ። ብድሩ ሲሰጥ «የመንግሥት ነው፣ ምን ይሆናል» ተብሎ ነበር። የሆነው ይህ ነው፤ ቦንድ ማለት ነገ ከግብር ከፋዩ የሚሰበሰብ ገንዘብ ነውና።

ሌላም የማይታይ ከፋይ አለ፤ እርሱም ቆጣቢው ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ርካሽ የቤት ብድር የሚገኘው ከዚህ ርካሽ ቁጠባ ነው። በጂንካ ቅርንጫፍ ገንዘቡን ያስቀመጠ ቡና ሻጭ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ለተሠራ ኮንዶሚኒየም ሳይጠየቅ ድጎማ ሰጥቷል። አርብቶ አደሩ ከብቱን ሸጦ ባንክ አለማስገባቱን እንደ ኋላ ቀርነት የምንቆጥር ምሁራን፣ እስኪ ይህንን ስሌት ቁጭ ብለን እንሥራው።

የኮንዶሚኒየሙ ታሪክ ራሱ ሌላ ትምህርት ይዟል። በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው መርሐ ግብር ገንዘቡን ያገኘው ንግድ ባንክ ከከተማው አስተዳደር ቦንድ እየገዛ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ ከ900 ሺህ የማያንስ ሰው ተመዘገበ፤ ለብዙው ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ መረጃው ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰረዘ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉት ከተሞችማ መርሐ ግብሩ በ2002 ዓ.ም. ገደማ እንዲቆም ተደርጓል፤ ቤቱ ከነዋሪው አቅም በላይ ሆኖ ፈላጊ አንሶ ነበርና። ችግሩ የዋስ እጦት ሳይሆን የቤቱ ዋጋ ነው። የቤቱ ቁጥር ሳይጨምር የገዢውን ብር በዋስትና ብናበዛው ዋጋው ሽቅብ ይወጣል፤ ትርፉም ለሻጩ ይሆናል።

ከእኛ እጅግ የበለጸጉትም ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ የተባሉት የቤት ብድር ተቋማት «መንግሥት ከኋላቸው አለ» በሚል እምነት ብቻ በርካሽ ሲበደሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 በመንግሥት ሞግዚትነት ሥር ወደቁ፤ ግምጃ ቤቱም ከ187 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰባቸው። አሜሪካ ዶላር ታትማለች። የእኛ ክልል ግን ብር እንኳ አያትምም፤ ያለው ምርጫ የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ወይም የመምህሩን ደመወዝ መቁረጥ ነው።

«ታዲያ መምህሩ ዕድሜውን በኪራይ ይግፋ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ አይደለም ነው። ነገር ግን መንግሥት በእጁ ያለውን ይስጥ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት በመንግሥት እጅ ነው፤ ውኃ፣ መብራትና መንገድ የገባለት አነስተኛ ቦታ ለቤት ሠሪ ማኅበራት በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ ከማንኛውም ዋስትና ይበልጣል። የጂንካ ሰው ቤቱን የሚሠራው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ክፍል ያቆማል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ሲያገኝ ሁለተኛውን ይጨምራል። ለዚህ የሚስማማው በሁለትና በሦስት ዓመት የሚመለስ ትንሽ ብድር ነው፤ ከማይክሮ ፋይናንስነት ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ባንክ ለዚህ ሥራ ባዕድ ሊሆን አይገባም።

ዋስትናው የግድ ከሆነም ቢያንስ ሕግ ይኑረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1922 ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተጠቀሰበት ዋስትና ዋጋ የለውም ይላል። ለወንድሙ ዋስ ከሚሆን ተራ ዜጋ የሚጠየቀው ጥንቃቄ ከመንግሥት ሊያንስ አይገባም። ስለዚህ የዋስትናው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ፤ በምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይጽደቅ፤ የሚጠበቀው ኪሳራ በየዓመቱ በበጀቱ ውስጥ ይያዝ፤ ባንኩም የኪሳራውን ድርሻ ይሸከም። ለሚሰጠው ብድር ምንም የማይሰጋ ባንክ ተበዳሪውን አይመረምርምና።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ለደቡብ ኦሞ ያ አንድ ዓይን በጀቱ ነው። ድርቅ ሲመጣ እህል፣ ኦሞ ሲሞላ ለዳሰነች መጠለያ የሚገዛው በእርሱ ነው። ለዋስትና የምታጨበጭቡ ወገኖቼ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ባለዕዳው ባልከፈለ ቀን የሚቆረጠው የማን ደመወዝ ነው?

ቸር ይግጠመን።