ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

አማርኛችን ስለ ዝምታና ስለ ንግግር ያስቀመጣቸው ተረቶች እርስ በርስ የማይታረቁ ይመስላሉ። በአንድ በኩል «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለ ያስጠነቅቀናል፤ በሌላ በኩል ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለ ይገፋፋናል። በስደት አገር ልጆቻችንን ስናሳድግ ግን የመጀመሪያውን ብቻ መርጠን ያወረስናቸው ይመስለኛል። የምርጫችን ዋጋ የሚታወቀው ልጆቹ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ከአንድ ባዶ ገጽ ፊት በተቀመጡ ጊዜ ነው።

ነገሩን ላብራራ። በእንግሊዝ አገር አንድ ተማሪ በ16 ዓመቱ ጂሲኤስኢ የተባለውን ፈተና ካለፈ በኋላ ብዙውን ጊዜ «ሲክስዝ ፎርም» ወደሚባለው የሁለት ዓመት ትምህርት ይሻገራል። አብዛኞቹ በዚያ ሦስት የትምህርት ዓይነቶች መርጠው ለኤ ሌቭል ፈተና ይዘጋጃሉ። በሁለተኛው ዓመት ዩካስ በተባለው ማእከላዊ ተቋም በኩል ቢበዛ አምስት ምርጫዎችን ይዘው ለዩኒቨርሲቲ ያመለክታሉ፤ ከማመልከቻውም ጋር ስለ ራሳቸው የጻፉት፣ ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ ከ4,000 ፊደል የማይበልጥ ጽሑፍ ይልካሉ። ይህ ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት ልቅ ድርሰት ነበር። በፈረንጆቹ 2026 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ግን በሦስት ጥያቄዎች ተተክቷል፦ ይህን ትምህርት ማጥናት የፈለግኸው ለምንድን ነው? እስካሁን የተማርኸው ለዚህ እንዴት አዘጋጀህ? ከትምህርት ገበታ ውጭስ ምን ሠርተህ ተዘጋጀህ፤ እርሱስ ምን ይጠቅምሃል?

ሦስቱም ጥያቄዎች ሲያዩአቸው ቀላል ናቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም «እኔ» ብሎ መጀመርን ይጠይቃሉ። የእኛ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ላለፉት ጥቂት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ለንደን ውስጥ የወገኖቻችንን ልጆች ረቂቆች አነባለሁ። በውጤታቸው የሚታሙ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። ረቂቆቻቸው ግን ሰው የሌለበት ቤት ይመስላሉ። «ታታሪ ነኝ»፣ «ሰውን መርዳት እወዳለሁ»፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሐኪም መሆን እመኛለሁ» የሚሉ፣ ማንም ስለ ማንም ሊጽፋቸው የሚችሉ ቃላት ተደርድረዋል። ነርስነት ለማጥናት የምታመለክት አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ውጭ ስለ ሠራችው ሁለት መስመር ብቻ ጽፋ አየሁና ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ጠየቅኋት። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ለእናቷ በሐኪም ፊት ታስተረጉማለች፤ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ታስረዳለች፤ ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ አንብባ መልስ ትጽፋለች። ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍሽም ብላት፣ «ይኼ እኮ ሥራ አይደለም፤ እናቴን መርዳት ነው» አለችኝ።

መልሷ የሚያስመሰግን አስተዳደግ ፍሬ መሆኑን አልክድም። እንዲህ ዓይነቱን ትሕትና ልጆቻችን እንዲጥሉት የምመክር ሰውም አይደለሁም። ነገር ግን የሚያነበው መምህር ባዶውን ቦታ የሚተረጉመው በትሕትና አይደለም፤ ምንም እንዳልሠራች አድርጎ ነው። በዐሥር ዓመቷ ሁለት ቋንቋና ሁለት ዓለም የማስታረቅ ሸክም ሊጫናት የደረሰች ልጅ፣ አንድ ሳምንት በአባቷ ወዳጅ ክሊኒክ ተቀምጣ ያየችውን በጥሩ ቋንቋ በተረከች ልጅ ትበለጣለች ማለት ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ራስን ማወደስ ባህላችን አይደለም» ይላሉ። ይህን አባባል ሥነ ቃላችን ራሱ አይቀበለውም። ፉከራ ምን ነበርና? ጀግናው «ዘራፍ!» ብሎ ተነሥቶ፣ ከጌታው ፊትና ከጓዶቹ መካከል ቆሞ፣ የዋለበትን ቦታና የፈጸመውን ሥራ የሚናገርበት ጥበብ አይደለምን? ፎካሪው በደፈናው «ጎበዝ ነኝ» ብሎ አይቀመጥም፤ የት እንደ ዋለ፣ ምን እንደ ገጠመው፣ ምን እንዳደረገ ይዘረዝራል። አብረውት የዋሉት ሰዎች እዚያው ቆመው ስለሚሰሙት ያልሠራውን ቢናገር መሳቂያ ይሆናል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውም ከዚህ የራቀ አይደለም፦ ቅጽሉን ተወውና ሥራህን ንገረኝ ነው የሚለው። የፉከራ ልጆች ሆነን ሳለ ልጆቻችን በገዛ ሥራቸው ፊት አንደበታቸው መታሰሩ ይገርመኛል።

የቅኔ ቤቱም ትምህርት አለው። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ብቻውን ተቀምጦ ከራሱ ልቡና ያወጣል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ ይዞ ቢቀርብ አይከበርም። ዛሬ ግን በክፍያ የሚጽፉ አስጠኚዎች አሉ፤ ያለ ክፍያ የሚጽፉ ማሽኖችም መጥተዋል። ዩካስ የሚላኩለትን ጽሑፎች እያመሳከረ ከሌላ የተቀዱትን እንደሚለይ የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። ከመያዙ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ ልጁ ስለ ራሱ የመጀመሪያውን ቁም ነገር የሚናገርበትን ዕድል ለባዳ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

የእኛ የወላጆቹ ነገር ደግሞ አለ። አብዛኞቻችን የማትሪክ ልጆች ነን። ፈተናው ውጤት ይሰጠናል፣ ምደባው ቦታ ይሰጠናል፤ «ለምን?» ብሎ የጠየቀን አልነበረም። በዚያው ልማድ ለልጆቻችን ሕክምናን ወይም ምህንድስናን እንመድብላቸዋለን። እዚህ ግን መንገዱ ቀድሞ ይጠባል፦ ሕክምና የሚያጠና ሰው ብዙ ጊዜ ኬሚስትሪን በ16 ዓመቱ መርጦ መገኘት አለበት፤ ማመልከቻውም ከሌሎቹ ቀድሞ ኦክቶበር 15 ይዘጋል፤ ከአምስቱ ምርጫዎችም ለሕክምና የሚፈቀዱት አራቱ ብቻ ናቸው። ምርጫው የአባት ከሆነ ልጁ «ለምን?» ለሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ከየት አምጥቶ መልስ ይሰጣል? ባዶ ቃላት የሚበዙት የእንግሊዝኛ እጥረት ስላለ ሳይሆን የገዛ ራስ ምክንያት ስለሌለ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሥርዓቱ ራሱ አድሏዊ ነው የሚል ሰው ቢነሣ አልከራከረውም። የተማሩ ወላጆችና ጥሩ መካሪ ያላቸው ልጆች በዚያ ልቅ ድርሰት ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ወደ ሦስቱ ጥያቄዎች የተዞረበት አንዱ ምክንያትም ይህንኑ ልዩነት ለማጥበብ ነበር። ሆኖም ጥያቄው ስለ ተስተካከለ መልሱ በራሱ አይመጣም። ሥርዓቱ እስኪታረም ድረስ እኛ በእጃችን ያለውን ማድረግ አለብን።

በእጃችን ያለው ደግሞ ጥቂት አይደለም። አንደኛው በቤት ውስጥ፣ በአማርኛ፣ መጠየቅ ነው፤ «ስንት አገኘህ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ዛሬ ምን አስገረመህ?» የሚል ብናስቀምጥ ልጁ ራሱን መተረክ ይለምዳል። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱን የሥራና የሙያ አማካሪ መፈለግ ነው። በ2014 የወጡት፣ ጋትስቢ በሚል ስም የሚታወቁት ስምንት የሙያ ምክር መለኪያዎች እያንዳንዱ ተማሪ 16 ዓመት ሳይሞላው አንድ ጊዜ፣ 18 ሳይሞላው ደግሞ ሌላ ጊዜ ከአማካሪ ጋር ለብቻው የመነጋገር ዕድል እንዲያገኝ ይላሉ። ልጆቻችን ግን ካልተጠሩ አይሄዱም፤ እንዲሄዱ መንገር የእኛ ፈንታ ነው። ሦስተኛው ሌላውን በር አለማሳፈር ነው። ከ2015 ጀምሮ ወጣቱ ደመወዝ እየተከፈለው፣ የትምህርት ክፍያ ሳይከፍል፣ እየሠራ ዲግሪ የሚይዝበት የሥራ ልምምድ አለ። ይህን «ዩኒቨርሲቲ ያቃተው» የሚሄድበት አድርገን ስናወራ መልካም በር እየዘጋን ነው።

ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ አንድ ልዩ አደራ አለኝ። ብዙ ሲክስዝ ፎርሞች ተማሪው በራሱ ርእስ ምርምር አድርጎ እስከ 5,000 ቃላት የሚጽፍበት፣ ኢፒኪው የተባለ ሥራ አላቸው፤ የሚያስገኘው ነጥብም የአንድ ኤ ሌቭል ግማሽ ያህል ነው። አንዲት ልጅ ስለ አያቷ እንጉርጉሮ፣ አንድ ልጅ ስለ ሰምና ወርቅ ቢጽፍበት ማን ይከለክለዋል? መጽሐፍ የምታውሱ፣ የምታስነብቡ፣ ቃል የምትፈቱ እናንተ ናችሁ። ማመልከቻው ላይ ግን ሰሙን ትተው ወርቁን ይዘው እንዲቀርቡ ንገሯቸው፤ በዚያ ገጽ ላይ የተሸሸገ ወርቅ የሚቆፍር አንባቢ የለም።

ልጆቻችን ጉረኞች እንዲሆኑ አልመኝም። ያስተረጎመችው ልጅ «አስተረጎምሁ» ብላ፣ ታናሾቹን ያሳደገው «አሳደግሁ» ብሎ፣ እውነቱን በገዛ አንደበቱ እንዲናገር ብቻ እመኛለሁ። ደጃዝማችነቱ ይቅርብን፤ የሠሩት ሥራ ግን በዝምታ አይቅር።

ቸር ይግጠመን።