አዲስ ነው ከማለት በፊት የነበረውን መመርመር

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት አለ። ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ የቈጠረውን ጉባኤ ቃና በማግሥቱ ከየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታም የሚመረምሩት የቤቱን መምታትና የሰዋስዉን መቃናት ብቻ አይደለም፤ ምሥጢሩ ከሌላ ሰው ቅኔ የተወሰደ እንደ ሆነም ይመረምራሉ። ትናንት በሌላ አፍ የተነገረውን ዛሬ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ቢኖር፥ ብዙ የሰሙት መምህር ወዲያው ያውቁበታል፤ ባልንጀሮቹም ያፍሩበታል። በቋንቋችን ቅኔ መናገር «ቅኔ መዝረፍ» ቢባልም፥ የሰውን ቅኔ መዝረፍ ግን ነውር ነው። ይህም ሲሆን ተማሪው ሰዋስዉን ከመምህሩ፥ ታሪኩን ከመጻሕፍት፥ የቤቱን ልክ ከቀደሙት ስለ ተቀበለ ማንም አይወቅሰውም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም፥ በተቀበለው ላይ የራሱን ምን ጨመረ? የሚለው ነው።

ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ መብት የሚመረምር ሹም የሚጠይቀውም ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም። ፓተንት ማለት አንድ ሰው አዲስ የሥራ ብልኀት ባወጣ ጊዜ፥ ለተወሰነ ዘመን ብቻውን እንዲጠቀምበት መንግሥት የሚሰጠው መብት ነው። ፈጣሪውም በፈንታው ምሥጢሩን በጽሑፍ ገልጦ ለሕዝብ ያስረክባል፤ ዘመኑ ሲፈጸም ሁሉም ይሠራበታል። እንግዲህ ይህ በመንግሥትና በፈጣሪው መካከል የሚደረግ ውል ነው። ሕዝቡ አስቀድሞ በእጁ የነበረውን ነገር እንደ ገና በመብት ስም ከተነጠቀ ግን፥ ውሉ ውል መሆኑ ቀርቶ ቅሚያ ይሆናል።

አገራችን በ1987 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቍጥር 123 ለፓተንት ሦስት ነገር አስፈላጊ መሆኑን ደነገገች። የመጀመሪያው ሥራው አዲስ እንዲሆን፤ ሁለተኛው የሞያው ዐዋቂ ሁሉ ሳይቸገር የሚደርስበት እንዳይሆን፤ ሦስተኛው በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ ሊውል የሚችል እንዲሆን ነው። ቀዳሚ ዕውቀት የሚባለውም በመጽሐፍ የታተመው ብቻ አይደለም፤ በዓለም ላይ በማናቸውም ስፍራ በጽሑፍ፥ በቃል፥ ወይም በሥራ ላይ በመዋል ለሕዝብ የተገለጠው ሁሉ ነው። «በቃልና በሥራ» የሚለውን አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን በዓለም ሁሉ የሚወራለት፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ ይህን ምርመራ እጅግ አስቸጋሪ አድርጎታል። ከቅርንጫፎቹም አንዱ የባሕር ማዶ ሊቃውንት «ሬይንፎርስመንት ለርኒንግ» የሚሉት ነው፤ እኛ በዋጋና በቅጣት መማር ብንለው ምሥጢሩን አይስትም። ነገሩን ለመረዳት ወደ ቦረናና ወደ ሳይንት ደጋ ወጥቶ ወይፈን ሲቃና ማየት ይበቃል። ገበሬው ወይፈኑን ከለመደ በሬ ጋራ ይጠምደዋል፤ ትልሙን ይዞ ሲሄድ በቃሉ ያበረታታዋል፤ ከትልሙ ሲወጣ በጅራፍ ይመልሰዋል። ወይፈኑ የእርሻን ሕግ ማንም በቃል ሳያስረዳው፥ ምቾት የሚገኝበትንና ቅጣት የሚመጣበትን እየለየ በጊዜ ብዛት በሬ ይሆናል። ይህን የሚመስለው ማሽንም እንዲሁ ነው፤ አንድ ነገር ይሞክራል፤ ስለ ሥራው በቍጥር ዋጋ ይሰጠዋል፤ ብዙ ዋጋ ያስገኘለትን ሥራ እየመረጠ ይለማመዳል።

የዚህ ጥበብ ታሪክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቢነገር እንደሚከተለው ነው። በ1989 ክሪስቶፈር ዋትኪንስ የሚባል ሰው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጽሑፍ፥ ማሽን የእያንዳንዱን ሥራ ዋጋ በሙከራ እየገመተ የሚማርበትን መንገድ ገለጠ። በ1992 ሎንግ ጂ ሊን የሚባል ሊቅ ማሽኑ ያለፈውን ሙከራውን በመዝገብ አኑሮ፥ ደጋግሞ እያነበበ የሚማርበትን ዘዴ አሳየ፤ ይህም የቃል ተማሪ የትናንቱን ትምህርት እንደሚቀጽለው ያለ ነው። በዚያው ዘመን ጄራልድ ቴሳውሮ የአንጎልን ሥራ በሚመስል የቍጥር መረብ ባክጋሞን የሚባለውን ጨዋታ የሚማር ማሽን ሠራ። በ2005 ማርቲን ሪድሚለር ይህን መረብ ከዋትኪንስ መንገድ ጋራ አዛምዶ ጻፈ። በ2013 የለንደኑ ዲፕማይንድ የሚባል ኩባንያ፥ አታሪ የሚባሉትን የመስኮት ጨዋታዎች ምስላቸውን ብቻ እያየ የሚማር ማሽን አሳየ። በ2014 ጉግል ኩባንያውን ገዛው፤ በ2017 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ለዚህ የመማር ዘዴ ፓተንት ሰጠ።

እንግዲህ ራሳችንን በመርማሪው ወንበር ላይ አስቀምጠን እናስብ። በዋጋና በቅጣት መማር አዲስ ነውን? አይደለም፤ በ1989 የተጻፈ ነው። ያለፈውን ሙከራ መዝግቦ መከለስ አዲስ ነውን? አይደለም፤ በ1992 የታወቀ ነው። በቍጥር መረብ መጠቀምስ? ይህም ከ2013 በፊት ብዙ ጊዜ የተሠራበት ነው። የሚተርፈው ሁለት መረቦችን ጎን ለጎን ማኖሩ ነው፤ አንዱ በየሰዓቱ ይማራል፤ ሁለተኛው ግን ለጊዜው ሳይለወጥ ቆይቶ ለመጀመሪያው መለኪያ ይሆነዋል፤ ከዚያም በየጊዜው ይታደሳል። ጸሓፊ ቅጂውን ሲያርም ዋናው መጽሐፍ በእጁ ላይ ቢለዋወጥበት ማረም እንደማይችል ሁሉ፥ ማሽኑም የጸና መለኪያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መብት ቢሰጥ በዚህ በተጨመረው ልክ ሊሆን ይገባል እንጂ የመማርን ጥበብ በሙሉ አጥሮ ሊይዝ አይገባም። የዲፕማይንድ ሰዎች ራሳቸውም በ2013 ባወጡት ጽሑፍ የዋትኪንስን፥ የሊንን፥ የቴሳውሮንና የሪድሚለርን ሥራ ጠቅሰዋል። የቀደመውን በስሙ መጥራት የሊቅ ወግ ነውና።

ነገር ግን መርማሪው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ስሕተትም አለ። ሥራ ከተፈጸመ በኋላ ሁሉ ነገር ቀላል መስሎ ይታያል። ሁለት መጻሕፍት ገልጦ «ይህ ከዚህ፥ ያም ከዚያ የተወሰደ ነው» ማለት አያስቸግርም፤ ሁለቱን ማን እንዲያገናኛቸው አስቦ ነበር? ብሎ መጠየቅ ግን ትዕግሥትን ይጠይቃል። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ አዲስ የሚመስለን ሁሉ ቀድሞ የነበረ መሆኑን ቢያስተምረንም፥ ትምህርቱ ትዕቢትን ለማብረድ ነው እንጂ የሰውን ድካም ለመናቅ አይደለም። አሮጌውን አዲስ ብሎ መብት የሚሰጥ ሹም ሕዝብን ይበድላል፤ አዲሱን አሮጌ ብሎ የሚመልስ ሹም ደግሞ ሠራተኛን ይበድላል። ሁለቱም ዳኝነትን ማጣመም ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ የፈረንጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይሉ ይሆናል። የጤፍ ነገር ግን መልስ ይሆናቸዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 የአገራችን የብዝኀ ሕይወትና የእርሻ ምርምር መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋራ የጤፍን ዘር ለመጠቀም ተዋዋሉ። ኩባንያው ከዚያ አስቀድሞ ስለ ጤፍ ዱቄት አሠራር ፓተንት ጠይቆ ነበርና፥ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት መብቱን ሰጠው። ከጥያቄውም ፍሬ አንዱ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ሰንብቶ ሲፈጭ ዱቄቱ ለጋገራ የተሻለ መሆኑ ነበር። በ2009 ኩባንያው ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተዛወረ። ጉዳዩን የተከታተሉ የኖርዌይ መርማሪዎች እንደ ጻፉት፥ ኢትዮጵያ ከውሉ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ብቻ ነበር።

አሁን ከመካነ ሰላም ወደ ቈላው የሚወርድ ሰው የጤፍን ነገር ገበሬውን ይጠይቅ። ጤፉ ይታጨዳል፤ ይከመራል፤ ክምሩ ሰንብቶ በአውድማ ይወቃል፤ ከዚያም ጎተራ ይገባል፤ ወደ ወፍጮ የሚሄደውም ለቤቱ በሚያስፈልገው መጠን ከጎተራው እየተቀነሰ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ መንገድ ሲኖር ጤፍ ሳይሰነብት የተፈጨበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህ በሥራ የተገለጠ ቀዳሚ ዕውቀት ነበር። ነገር ግን በአውሮፓ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ የቦረና ጎተራ ሊቀርብ አይችልም፤ የሚቀርበው ወረቀት ነው፤ እኛም ወረቀቱን አልጻፍነውም።

በኋላ በ2018 በላሄይ የተቀመጠው ፍርድ ቤት ፓተንቱ የፈጠራ ብልኀት የሌለበት ስለ ሆነ በሆላንድ አገር ፈራሽ ነው ብሎ ፈረደ። ወሬው በ2019 አገራችን ሲደርስ ደስታችን ታላቅ ነበር፤ ደስ ሊለንም ይገባ ነበር። ዳሩ ግን እውነቱን ብንናገር በዚያ ችሎት የተሟገቱት ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ አልነበረችም። ፍርዱም የተፈጸመው መብቱ ከተሰጠ ከ11 ዓመት በኋላ፥ ያውም ለአንድ አገር ብቻ ነው። ሌላው ለራሱ ጥቅም ባይከራከር ኖሮ ማን ይከራከርልን ነበር?

የሕንድን ታሪክ ከዚህ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። በ1995 በአሜሪካ እርድ ለቍስል ማዳኛ ነው ተብሎ ፓተንት ተሰጠ። የሕንድ መንግሥት የሳይንስ ምክር ቤት ግን ጥንታዊ የሳንስክሪት መጽሐፍና የታተመ ጽሑፍ ይዞ ቀረበ፤ በ1997 መብቱ ተሰረዘ። ሕንዶችም በዚህ ሳይረኩ ከ2001 ጀምሮ የአባቶቻቸውን የመድኃኒት ዕውቀት በአውሮፓ ቋንቋዎች ጭምር መዝግበው፥ በ2009 ለአውሮፓ የፓተንት መርማሪዎች ከፈቱላቸው። እነርሱ በመጽሐፍ ረቱ፤ እኛ በሌላ ሰው ሙግት ተረፍን። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ተረታችን እኛኑ ወቀሰን።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። ይኸውም «ዕውቀታችንን ጽፈን ብናወጣው ለሌባ መንገድ መምራት አይሆንምን?» የሚል ነው። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ስለዚህ በቤተ ሰብ ምሥጢርነት የሚጠበቀውንና ሕዝብ ሁሉ የሚሠራበትን መለየት ያስፈልጋል። ምሥጢር የሆነው፥ ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ሊታተም አይገባም፤ ስለዚህ ዓይነቱ የማኅበረ ሰብ ዕውቀትና መብት በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 482 ወጥቷል። በየጎተራውና በየምድጃው የሚታየው የአደባባይ ዕውቀት ግን ዝም ቢሉት አይጠበቅም፤ የሚጠብቀው ቀኑ ታውቆ መጻፉ ነው። የተጻፈውን ሌላው ቢያነበውና ቢጠቀምበት ገበሬው አይከለከልም፤ ያልተጻፈውን ሌላው አዲስ ነው ብሎ ቢያስመዘግበው ግን የጤፉ ታሪክ ይደገማል።

ደግሞም ነገሩ የጤፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። ነገ ከዚያ ከሚማሩት ልጆች አንዱ የመስኖን ውኃ መቼ መክፈትና መቼ መዝጋት እንደሚገባ በዋጋና በቅጣት የሚማር ማሽን ሠርቶ ወደ ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢመጣ፥ ምን ይባላል? የ1987ቱ አዋጅ የሒሳብን ዘዴና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በፓተንት ከሚያዙት ነገሮች ለይቷል። ስለዚህ የመማሩ ሒሳብ የእርሱ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። ነገር ግን ከአፈሩ፥ ከውኃው በርና ከመለኪያው ጋራ አገናኝቶ ቀድሞ ያልነበረ የሥራ መንገድ አውጥቶ እንደ ሆነ፥ ያ ድካሙ በልኩ ሊመዘንለት ይገባዋል። ከውጭ የመጣውን ብልኀት ወደ አገር ላስገባ ሰውም ያው አዋጅ የተለየ የፓተንት ዓይነት አዘጋጅቶለታል፤ ስለዚህ ያስገባሁትን እኔ ፈጠርሁት ብሎ መዋሸት አያስፈልግም።

በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ የፈጠራ መርማሪዎቻችን የዓለምን የምርምር ጽሑፍ የሚያነቡበት መሣሪያና ጊዜ ይሰጣቸው፤ ያላነበበ መርማሪ ጥቂት ቅኔ እንደ ሰማ መምህር ነውና ሁሉ አዲስ ይመስለዋል። ሁለተኛ፥ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ አዲስ ነው ብሎ ከማቅረቡ አስቀድሞ፥ ከእርሱ በፊት የተሠራውን ዘርዝሮ፥ የራሱን ጭማሪ በአንድ አንቀጽ ለይቶ እንዲጽፍ ያስገድዱ። ሦስተኛውን ለእናንተ ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እናቀርባለን። ከተድባበ ማርያም ጀምሮ በዚያ ደጋ ባሉት አድባራት ብራና ዳምጦ፥ ዘመኑንና የጸሓፊውን ስም በመጨረሻው ገጽ አኑሮ መጻፍ የአባቶች ሞያ ነው። ይህ ሞያ የገበሬውን ዕውቀት ለመመዝገብ ቢውል፥ ካህኑ ከዩኒቨርሲቲው መምህር ጋራ አብሮ ቢቀመጥና በቀን የተወሰነ መዝገብ ቢያዘጋጅ፥ በየትም አገር ያለ መርማሪ የማይገፋው ምስክር ይሆናል።

የኔታ የተማሪውን ቅኔ የሚመረምሩት ተማሪውን ስለሚጠሉ አይደለም፤ ነገ እርሱም መምህር ሆኖ በእውነት እንዲመሰገን ነው። የፈጠራ ምርመራም በዚህ መንፈስ ቢሠራ፥ ለልጆቻችን ድካማቸው ይከበርላቸዋል፤ ለገበሬውም ጎተራው የራሱ ሆኖ ይኖርለታል።