ከጫጩቱ በፊት ወለሉ ይታይ

የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ የዶሮ እርባታ በየወረዳው እቅድ ሰፊ ቦታ ይዟል። በሪፖርቶች ላይ ጎልቶ የሚወጣው አኃዝ ግን የተሰራጨው ጫጩት ብዛት ነው። ሌማቱን የሚሞላው ደግሞ የተሰራጨው ሳይሆን እንቁላል እስከ መጣል የደረሰው ነው። በሁለቱ መካከል ለሚፈጠረው ልዩነት መኖ፣ ክትባትና የቤት አያያዝ ምክንያት ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ሊስተካከል እየቻለ ብዙም ትኩረት የማያገኘው የቤቱ ወለል ነው።

እርጥብ ወለል የሚያስከትለው ጉዳት

ለአርሶ አደሩ በብዛት የሚተላለፉት ወደ 45 ቀን ገደማ ዕድሜ ያላቸው ጫጩቶች ናቸው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ኮክሲዲዮሲስ ጠንክሮ የሚያጠቃውም ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ነው። ቄብ እንቁላል መጣል የምትጀምረው በ5 ወር ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ከሞተች የመግዣዋ ዋጋም ሆነ የበላችው መኖ ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ነው።

የበሽታው ተውሳክ ከታመመች ዶሮ ኩስ ጋር ይወጣል። እንደወጣ ወዲያውኑ በሽታ አያስይዝም። እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ካገኘ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለማጥቃት ይበቃል። ወለሉ ደረቅ ከሆነ ይህ ለውጥ ይገታል። ተውሳኩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው በረኪና ቢረጭበት በቀላሉ አይሞትም። ፈንግልን በክትባት መከላከል ይቻላል፤ ኮክሲዲዮሲስን ለማከምም እንደ አምፕሮሊየም ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ሆኖም ታክማ ወደ እርጥብ ወለል የምትመለስ ጫጩት ለዳግም ጥቃት ትጋለጣለች። በዚህ ላይ ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ ዓይንና መተንፈሻን ይጎዳል። ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሽታው ዓይኑን ካቃጠለው ዶሮዎቹ ከዚያ በፊት ተጎድተዋል ማለት ነው።

የትኛው ወለል ለማን?

በአካባቢያችን አርሶ አደሩ በዋናነት ከሦስት ዓይነት ወለል መምረጥ ይችላል።

የመጀመሪያው የአፈር ወለል ነው። ወጪው አነስተኛ ቢሆንም ኩስና ውሃ ይመጣል፣ ታጥቦ አይጸዳም፣ አይጥና ሸለምጥማጥም ቆፍረው ይገቡበታል። ጥቂት ዶሮ ላለው ሰው ግን ከተሻሻለ ያገለግላል። ወለሉን ከውጭው መሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በገረጋንቲ መሙላት፣ በደንብ መጠቅጠቅ፣ በቤቱ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ መቅደድና አውድማ እንደሚለቀለቀው በጭቃ አስተካክሎ መለቅለቅ ያስፈልጋል። ዶሮዎቹ ሲወጡ የላይኛውን አፈር ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርጎ በአዲስ መተካት ግድ ነው።

ሁለተኛው የሲሚንቶ ወለል ነው። ይታጠባል፣ አይጥ አይቆፍረውም፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ከ50 ዶሮ በላይ ለሚያረቡና በሼድ ለተደራጁ ወጣቶች ተመራጩ ይህ ነው። "ሲሚንቶ ውድ ነው" የሚለው ስጋት በስሌት ሊታይ ይገባል። በጉዝጓዝ ላይ ለሚያድሩ 5 ዶሮዎች 1 ካሬ ሜትር ቢታሰብ፣ ለ50 ዶሮ የሚያስፈልገው 10 ካሬ ሜትር ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከ2 እጅ አሸዋና ከ4 እጅ ጠጠር ጋር ተቀላቅሎ ሲሞላ፣ 4 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ገደማ ይበቃል። ለ10 ዶሮ ከሆነ አንድ ከረጢት አይፈጅም።

የሲሚንቶ ወለል ዘላቂ የሚሆነው ግን ከሥሩ ያለው ሲስተካከል ነው። እንደ ፎገራ ሜዳ ባሉ ጥቁር አፈር ባለባቸው አካባቢዎች መሬቱ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥቁሩ አፈር ሳይነሳና በድንጋይና በገረጋንቲ ሳይተካ የተሞላ ወለል አብሮ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የኩስ መደበቂያ ይሆናል። ወለሉ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውጫው እንዲያዘነብል ማድረግና ከተሞላ በኋላ ለ7 ቀን ያህል ውሃ ማጠጣትም መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ርብራብ ነው። ኩሱ በክፍተቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ዶሮዎቹ ከኩሳቸው ይርቃሉ። ቀርከሃ በብዛት በሚገኝበት እንደ አዊ ባለ አካባቢ ርብራብ ወጪ ቆጣቢ አማራጭ ነው። ክፍተቱ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአደጉ ዶሮዎች ይስማማል፤ ለጫጩቶች ግን እግራቸው ስለሚሾልክ አይመከርም። ምስጥ በሚያስቸግርበት ቆላ ቶሎ ይበላል፤ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥም ደም መጣጭ ተባዮች ይራባሉ። ከሥሩ የተጠራቀመው ኩስ በየጊዜው ካልተነሳም ጥቅሙ ይቀራል።

ጉዝጓዙ የወለሉ ግማሽ ነው

የአፈርም ሆነ የሲሚንቶ ወለል ያለ ጉዝጓዝ አይሠራም። ባዶ ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል፤ የእግር መዳፍንም ያቆስላል። ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰጋቱራ ወይም ተቆራርጦ የደረቀ ጭድ ይነጠፍ። ፕላስቲክ ማንጠፍ ግን ውሃውን ከላይ ያቁራል፤ ጫጩቶችንም ያንሸራትታል። ጉዝጓዙን በእጅ ጨብጦ መፈተሽ ቀላል ነው፤ ሲለቀቅ ከተበተነ ደህና ነው፤ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ መቀየር አለበት። ቶሎ የሚረጥበው የውሃ መጠጫው ዙሪያ ስለሆነ መጠጫውን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይጠቅማል። የወጣው ጉዝጓዝም በብስባሽ መልክ ተዘጋጅቶ ለማሳ ማዳበሪያ ይውላል።

የወረዳው ድርሻ

መፍትሔው "ሲሚንቶ ያላደረገ ጫጩት አያገኝም" የሚል መመሪያ ማውጣት አይደለም። እንዲህ ያለው መመሪያ በመጀመሪያ የሚገፋው መርሃ ግብሩ እንዲደርስላቸው የታሰቡትን፣ 10 እና 15 ዶሮ የሚይዙ አቅመ ደካማ አባወራዎችንና እማወራዎችን ነው። መስፈርቱ የወለሉ ዓይነት ሳይሆን ደረቅነቱና ለጽዳት መመቸቱ ሊሆን ይገባል።

የቀበሌ ልማት ባለሙያው ጫጩት ከመተላለፉ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያይ ይበቃል። ወለሉ ከውጭው መሬት ከፍ ብሏል? ጎርፍ አይገባም? ደረቅ ጉዝጓዝ ተዘጋጅቷል? መልሱ አይደለም ከሆነ ስርጭቱን በጥቂት ሳምንታት ማዘግየት ጫጩቱን ከማጣት ይሻላል፤ በተለይ በሐምሌና ነሐሴ። ለተደራጁ ወጣቶች በሚሰጥ ብድርም የወለሉ ወጪ ከጣሪያውና ከግድግዳው እኩል ሊታሰብ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ሪፖርቱ አንድ ተጨማሪ አኃዝ ያስፈልገዋል፦ ከተሰራጩት ጫጩቶች 5 ወር የሞላቸው ስንቶቹ ናቸው? ይህ ቁጥር በየቀበሌው መመዝገብ ሲጀምር፣ ወለሉ የት እንዳልተሠራ ማንም ሳይነግረው ይታያል።