ሐኪም ለመሆን ያሰበን ልጅ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማዘጋጀት ይገባል?

ልጅ በ14 እና በ15 ዓመቱ «ሐኪም እሆናለሁ» ሲል ወላጅ ምን ያድርግ? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዎች እንዲሟገቱ ጋብዘናል። አንደኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪምና የልጆች እናት ናቸው። በቅድሚያ ሁለቱም አቋማቸውን ያስረዳሉ፤ ከዚያም አንዳቸው ለሌላቸው መልስ ይሰጣሉ።

መምህሩ፦ ይገባል፤ ዘግይቶ መነሣት የሚጎዳው የድሃውን ልጅ ነው

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ሕክምና ለመግባት ግን ግማሽ ማምጣት አይበቃም። ፈተናውን ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም በፍሬሽማን ዓመት እንደገና ይወዳደራል። ብዙዎች የሚመኙት፣ ጥቂቶች የሚደርሳቸው የትምህርት ክፍል ስለሆነ የአንድ ኮርስ ዝቅተኛ ውጤት እንኳ ልጁን ከተራ ሊያስወጣው ይችላል።

ይህን የሚያውቅ መምህር ለወላጅ «ጊዜ አለ፣ ቆይ» ሊል አይችልም። 12ኛ ክፍል ላይ የሚታየው ክፍተት የተፈጠረው ከዓመታት በፊት ነው። የኬሚስትሪ ስሌት በጊዜው ያልገባው ልጅ ፈተናው ሲደርስ የሚሸመድደው ቀመር ብቻ ነው የሚኖረው። እንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት የሚከብደው ልጅ ደግሞ ባዮሎጂውን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው ይሳሳታል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ክረምት ማጠናከሪያ የሚሞሉ አይደሉም።

መዘጋጀት ስል ሽምደዳ ማለቴ እንዳልሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ትርጉሙን በአንድ ድምፅ ይወጣዋል። «በሽተኛ ክንድ ላይ የሚሰካው ፈሳሽ ለምን ንጹሕ ውሃ አይሆንም? ለምን በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ይደረግበታል?» ስል ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ስለዚህ ድንች አስመጣለሁ። አንዱን ስስ ቁራጭ በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ እናስቀምጣለን። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ የመጀመሪያው ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሁለተኛው ለስልሶ ይተጣጠፋል። ቀይ የደም ሕዋስ በንጹሕ ውሃ ውስጥ አብጦ እንደሚፈነዳ፣ ጨው በበዛበት ደግሞ እንደሚጨማደድ ከዚያ በኋላ አስረዳለሁ። ይህን በ9ኛ ክፍል በእጁ የነካ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ የሚሸመድደው ነገር የለውም።

«ልጁ ሲበስል ይወስን» የሚለው ምክር ገንዘብ ላለው ቤተሰብ ይሠራል። የሀብታም ልጅ ዘግይቶ ቢወስን አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ባይደርሰው የግል ሕክምና ኮሌጅ ይከፈልለታል። የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ያላት መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በውጤቷ በኩል የሚያልፍ ነው። በዚያ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገርና ታናናሾቿን መያዝ ይጠብቃታል። ለእሷ ቤተሰብ መዘጋጀት ማለት ገንዘብ ማውጣት አይደለም። ወንድሟም ሥራውን እንዲካፈል ማድረግ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ያልተቆራረጠ የጥናት ጊዜ መስጠት፣ የቆዩ ፈተናዎችን በሰዓት ተለክታ እንድትሠራ ማድረግና እንቅልፏን መጠበቅ ነው። ይህ በጊዜ ካልተጀመረ አይደርስም።

ሐኪሟ፦ አይገባም፤ ልጁ መጀመሪያ ሥራውን ይየው

ልጅ በርትቶ ይማር በሚለው ላይ ከመምህሩ ጋር ጠብ የለኝም። የምቃወመው የ15 ዓመት ልጅን ትምህርት በአንድ የሙያ ስም ማሰርን ነው። በአገራችን ይህ ሲሆን ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ ቤት ውስጥ «ዶክተሬ» መባል ይጀምራል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ሐኪማችን ነው» ተብሎ ይተዋወቃል፤ አያቱ «አንተ ታክመኛለህ» እያሉ ይመርቁታል። ሁሉም ከፍቅር የሚመጣ ነው። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚልበት አፍ አይኖረውም።

ይህ ልጅ የሚያውቀው ነጩን ጋዋን ነው። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ኢንተርን ሌሊቱን በዲዩቲ አድሮ ጠዋት ራውንድ ላይ የእያንዳንዱን በሽተኛ ታሪክ ይዞ ይቀርባል። የጻፈው መድኃኒት የሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ሲጠፋ ማዘዣውን ለአስታማሚው ይሰጣል። አስታማሚው ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ብር ፈትቶ ይቆጥራል፤ እንደማይበቃው ካየ በኋላ ቀና ብሎ «የትኛው ይቅደም?» ይላል። ሐኪሙ በዚያች ደቂቃ የሚሰጠው መልስ በየትኛውም የመግቢያ ፈተና አልተጠየቀም። በማግስቱ ለአንዲት እናት ልጇ እንዳልተረፈ መንገርም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ትምህርቱ ከ6 ዓመት የማያንስ ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን ሌላ ብዙ ዓመት ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ በተመለከተ ደግሞ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይሻሻል ብለው ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበትን ጊዜ ማስታወስ ይበቃል። ይህን ሁሉ አውቆ የገባ ሰው ይጸናል። ሳያውቅ፣ ሰው ገፍቶት የገባው በሦስተኛው ዓመት ልቡ ይወጣል፤ አንዳንዱ አቋርጦ ይሄዳል፣ አንዳንዱ በበሽተኛ ላይ እየተቆጣ ይቆያል። በሁለተኛው የሚጎዳው ታካሚው ነው።

ስለዚህ በ9ኛ እና በ10ኛ ክፍል የሚያስፈልገው ማየት ነው። ልጁ የቀይ መስቀልን የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይውሰድ። ደም ግፊት ያለባቸውን አያቱን ለቀጠሮ ይውሰዳቸው፤ ካርድ ክፍል ይሰለፍ፣ የታዘዘላቸውን መድኃኒት በሰዓቱ ያስውጣቸው። ይህን ለወራት ሳይሰለች ያደረገ ልጅ ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል። አንድ ኢንተርን፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ አግኝቶ ሥራቸውን ይጠይቅ። ጤና ማለት ሐኪም ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ያያል። ፋርማሲ፣ ሚድዋይፈሪ፣ ማደንዘዣ፣ ነርሲንግና ጤና መኮንንነት የወደቁ ልጆች መጠጊያ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ሙሉ ሙያ ናቸው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመጡት የፊስቱላ ታካሚ ሆነው ነበር። በሽተኞችን እየረዱ፣ ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው እያዩ፣ በመጨረሻ ራሳቸው የሚሠሩና ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እጃቸውን ያጸናው የሴቶቹን ሕመም ከውስጥ ማወቃቸው ነው። ልጆቻችን ከዚያ እውቀት ጥቂቱን እንኳ ሳያገኙ ውጤት ብቻ ይዘው እንዲመጡ ማድረግ የለብንም።

መምህሩ ሲመልሱ

ዶክተሯ የጠቀሷቸው ሴት ክብር ይገባቸዋል። ዛሬ ግን ያለ ፈተና፣ ያለ ዲግሪና ያለ ሙያ ፈቃድ ማንም ቢላዋ አይሰጠውም። ተማሪዎቼ የሚወዳደሩት በዛሬው ሕግ ነው።

«ዶክተሬ» የሚለው ስም ሸክም እንደሚሆን እስማማለሁ፤ እኔም በክፍሌ ማንንም እንዲህ አልጠራም። አያትን ለቀጠሮ መውሰዱንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ማየትና ማጥናት አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን መጠበቅ የለበትም። ለሕክምና ብሎ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ያጠበቀ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ሐሳቡን ቢቀይር ምንም አልጎደለበትም፤ ምህንድስናም፣ ፋርማሲም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም ይጠብቁታል። ሳይዘጋጅ ቆይቶ 12ኛ ክፍል ላይ «ሕክምና ነው የምፈልገው» ያለ ልጅ ግን በሩ ተዘግቶ ነው የሚያገኘው። ከሁለቱ አንዱን ለልጄ ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሐኪሟ ሲመልሱ

መምህሩ «ምንም አልጎደለበትም» ያሉት ስለ ትምህርቱ ከሆነ ልክ ናቸው። እኔ የማስበው ስለ ከፋዩ ነው። ለአስጠኚ የሚከፈለውን ከአረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የምትልክ እህት አለች። ልጁ በ12ኛ ክፍል ሐሳቡን ሲቀይር ኬሚስትሪው ይቀርለታል፤ እህቱን ግን በስልክ ምን ይበላት? ብዙዎች ይህን መጋፈጥ አቅቷቸው የማይወዱትን ፎርም ሞልተዋል። መምህሩ ስለ ድሃው ልጅ የተናገሩት እውነት ነው፤ አማራጭ የሌለው እሱ ነው። እምቢ ማለት የሚከብደውም እሱ ነው።

ስለዚህ ለወላጅ የምለው ይህ ነው። አስጠኚ ከመቅጠር፣ ገንዘብ ከመላክ በፊት ልጁን አስቀምጣችሁ «የምንከፍለው እንድትማር ነው፤ ሐሳብህን ብትቀይር ዕዳ የለብህም» በሉት። ከአገር ውጭ ያለችው እህትም ይህንኑ በራሷ አፍ ትበለው። በ11ኛ ክፍል ተፈጥሮ ሳይንስ ሲመርጥ ጥያቄውን ደግማችሁ አንሡ። ፍሬሽማን ጨርሶ ፊልድ ሲመርጥም የመጨረሻው ቃል የእሱ ይሁን፤ ውጤቱ ሕክምና የሚያስገባ ቢሆንም እንኳ። ሥርዓቱ ራሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ጊዜ ሰጥቶታል፤ ቤተሰብ ሊቀማው አይገባም። ይህ ከተጠበቀለት መምህሩ በሚሉት መንገድ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቢያጠና አልከራከርም። ያለዚያ ግን የምናዘጋጀው የራሳችንን ምኞት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጁና ነገ እሱ ፊት የሚተኛው በሽተኛ ናቸው።